ጠዋት አልነሳ ያለችው

የልጅ ልጄ ሞተር ላይ የወጣች ዕለት እኔ መሬት ላይ መቆም አቃተኝ።

ነርስ ናት። የሕፃናት ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዛ መኪና ወደማይገባባቸው ሰፈሮች ትሄዳለች። ለዚህ ሥራ ጤና ጣቢያው አንዲት ያረጀች ሞተር ሳይክል ሰጣት። ሰጣት ስል ያው ትንዳት ብሎ ነው፤ ንብረቱ የጤና ጣቢያው ነው፣ ጭሱ ግን የእኔ። ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ ልክ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት አቆመቻት።

እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚህ ዓለም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። የእኔዋ ዓይን ደግሞ በሞተር ትጫወታለች።

«በእግርሽ ብትሄጂስ?» እላታለሁ።

«ክትባቱ ይሞቃል፣ እማዬ።»

«ይሙቃ! አንቺ ከምትቀዘቅዢ!»

ትስቃለች፤ የራስ መከላከያዋን ታጠልቃለች። ሞተሯ ግን እንደ እኔው ጠዋት ጠዋት መነሳት አትወድም። ልጄ ፔዳሉን ትረግጣለች፣ ትረግጣለች፤ ሞተሯ እንደታመመች ፍየል ታስልና ጸጥ ትላለች። እኔ በመስኮት እያየሁ፣ ባትነሳስ ብዬ እመኛለሁ።

አንድ ጠዋት ጭራሽ እምቢ አለች። ልጄ መሪዋን ይዛ፣ እኔ ከኋላ እየደገፍኩ ቁልቁለቱን ወረድን። ከታች፣ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ አጠገብ፣ ቆርቆሮ በር ያለው ጠባብ የሞተር ጋራዥ መከፈቱን ያን ቀን ነው ያየሁት። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ፔዳሉን በንዴት ረገጠችው።

«እህት፣ አትርገጫት፤ ምን አደረገችሽ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«አልነሳ ብላኝ ነዋ!»

«አንቺንስ እንዲህ እየረገጡ ቢቀሰቅሱሽ ትነሺያለሽ?»

ልጄ ሳቀች። ገና ፊቱን ሳታይ ሳቀች! ይሄኔ ነው ጃንጥላዬን ጠበቅ አድርጌ የያዝኩት።

ወጣ። ቀጭን ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ጠቁሯል። ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል፤ ሞተር ሲመጣለት መጀመሪያ አይፈታም፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሲገልጠው የት እንደሚያሳርፈው አይታወቅም።

ከሞተሯ ጎን ካርቡራተሩን ፈታ። ስኒ የምታክል ብረት ናት፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉት እሷ ውስጥ ነው አለን። ከሥሯ ያለውን ጽዋ ነቅሎ ነጭ ሳህን ላይ ሲደፋው፣ ውሃና ደቃቅ አሸዋ ተዘረገፈ። ከዚያ ጂግለር የሚላትን፣ መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ ያላትን የነሐስ ቁራጭ አወጣና ለልጄ አቀበላት።

«ወደ ፀሐይ ያዣት። ብርሃን ይታይሻል?»

«ምንም አይታየኝም።»

ተቀብሏት በቤንዚን አጠባት፣ እፍ አለባት፣ መልሶ ሰጣት።

«አሁንስ?»

«ኮከብ የመሰለች ነገር ታየችኝ።»

«እሷ ናት ተደፍና ያስቸገረችሽ።»

ኮከብ! በጠራራ ፀሐይ!

ገጣጥሞ አስነሳት። ግን ወዲያው አልነካትም። ቀዝቃዛ ሞተር ቢያስተካክሏት ስትሞቅ ትከዳለች አለ። ከሞቀች በኋላ ካቻቢቴውን አንስቶ ሁለት ብሎን አሳያት፤ አንዱ የአየር፣ አንዱ የሚኒሞ። ሚኒሞ ማለት ማንም ቤንዚን ሳይሰጣት ሞተሯ በቆመችበት ቀስ ብላ የምትተነፍሰው ትንፋሽ ነው።

«ቤንዚን ሲበዛባት ትታፈናለች፣ አየር ሲበዛባት ትደነብራለች» አለ። «እኔ ላዙር፣ አንቺ አድምጪ። ደስ ሲልሽ በቃ በይኝ።»

ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ግን አልጨፈነም። ካቻቢቴው በጣቶቹ መሃል ቀስ እያለ ይዞራል፤ ድምፁ ከፍ አለ፣ ተደናቀፈ፣ ዝቅ አለ፣ ከዚያ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ትር ትር እያለ ረጋ።

«በቃ» አለች ልጄ።

ዓይኗን ስትገልጥ ተያዩ። ሞተሯ ትሠራለች፣ እነሱ አሁንም ይተያያሉ። ሳልኩ። ደግሜ ሳልኩ። ሞተሯ እንኳ ስታስል ሰሚ አግኝታለች፤ እኔን ማን ሰምቶኝ።

ካርቡራተር ለማስተካከል መተያየት ያስፈልጋል እንዴ?

ሞተሯ ለጊዜው ደህና ሰነበተች። ከዚያ ደግሞ አመሏ ተነሳባት፤ ትነሳለች፣ መንገድ ላይ ልጄ የቤንዚን መስጫ እጀታውን ስትለቅ ድንገት ትጠፋለች። ወደ ጋራዥ። ተሠርታ ትመጣለች፣ ጥቂት ትቆያለች፣ እንደገና ትጠፋለች። ወደ ጋራዥ። ልጄ ግን የተቸገረች አትመስልም። ጸጉሯን አበጥራ ነው የምትሄደው።

«ጋራዥ ለመሄድ ሽቶ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ቤንዚን እንዳይሸተኝ ነው፣ እማዬ።»

መልስ አጥታ አታውቅም።

በዚያው ሰሞን የሽንኩርት ቢላዬ ጫፉ ተጣመመ። በቤቴ ቢላ የሚያጣምም ሥራ የለም። ከኋላ ክፍል ያለችውን ተከራይ ጠረጠርኳት።

«ቆርቆሮ ከፍተሽበት ነው አይደል?»

«እማማ፣ እኔ የራሴ ቢላ አለኝ!» ብላ አኮረፈችኝ። ልጄ ሳህን ታጥብ ነበር፤ አንገቷን ደፍታ ማጠቧን ቀጠለች።

በጆሮ ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ግን ከቢላው ይብስ ነበር። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ራሱ ያበላሻል፣ ራሱ ይሠራል። ልጅቷን የሚያመላልሳት በዚያች ብሎን ነው። ሁለት ጊዜ ሩብ ዙር ወደ ግራ፣ ነርሷ በሩ ላይ ናት!

አንድ ከሰዓት ጃንጥላዬን ይዤ ወረድኩ። ከጋራዡ ቆርቆሮ አጥር ኋላ ቆሜ አዳመጥኩ። እሱ ብቻ ነው እንዴ ጆሮ ያለው?

«የነርሷስ ነገር እንዴት ሆነ?» ሲል ሰማሁ ጎሚስታው።

«ምን ባክህ» አለ ጆሮ፣ «ጠዋት አልነሳ እያለች አስቸገረች።»

ልጄ እንቅልፍ መውደዷ እውነት ነው። ግን እሱ በምን አወቀ?

«ትጠጣለች እንዴ?»

«ኧረ ከመጠን በላይ ነው የምትጠጣው! ትናንትማ ሞልቶባት ትተፋ ነበር።»

አጥሩን ያዝኩ። በቤቴ ከውሃና ከሻይ በቀር የሚጠጣ አይገባም።

«እና ምን አደረግሃት?»

«አየር ዘጋሁባታ! ትንሽ ሳፍናት ተንፈራገጠች፣ ከዚያ እሺ አለች። አንዴ ከሞቀች ደግሞ ማን ይችላታል!»

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ጃንጥላዬ ከእኔ ቀድሞ ገብቷል።

«የማንን ልጅ ነው አየር የምትዘጋው፣ አንተ ጉደኛ!»

ጆሮ ካርቡራተር በእጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«እማማ... ሞተሯን ነው እኮ።»

«ሞተር ይጠጣል?»

«ቤንዚን፣ እማማ።»

«ይተፋል?»

«ጽዋው ሲሞላ በትርፍ ቱቦው...»

«ይታፈናል?»

«ለማስነሳት ነው። ሲቀዘቅዝ አየሩን ትንሽ ከልክሎ...»

ጎሚስታው ጎማው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«ታዲያ ሞተሯ አይባልም?» አልኩ፣ እንደመጣሁ ላለመመለስ። «እሷ እሷ እያልክ የሰው ልጅ ስም ታጠፋለህ! ሁለተኛ ስታወራ የትኛዋ እንደሆነች ለይተህ ጥራ!»

«እሺ፣ እማማ። ለይቼ እጠራለሁ።»

አፈርኩ? ትንሽ። ጥርጣሬዬ ግን አልለቀቀኝም።

«ደግሞስ በየጊዜው የምትበላሸው ለምንድን ነው? የምትሠራት አንተ አይደለህም?»

በእጁ ያለውን ብረት በጨርቅ ጠረገው፤ የጠራውን ደግሞ ጠረገው።

«እስቲ ጨዋ ከሆንክ እንዳትመለስ አድርገህ ሥራት።»

«ማንን?»

«ሞተሯን!»

ቀና ብሎ አየኝ። ጃንጥላዬን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«እንዳትመለስ ካሉኝ፣ እችላለሁ» አለ በመጨረሻ። ሥራ የተሰጠው ሰው ድምፅ አልነበረም።

ቻለም። በማግስቱ ልጄ ፔዳሉን አንዴ ስትረግጠው ሞተሯ ተነሳች። በማግስቱም። ብርድ ሆነ፣ ዝናብ ሆነ፣ አንዴ ከተረገጠች ትር ትር። ልቤ ሊያርፍ ሲገባው አላረፈም፤ ምክንያቱም ልጄ እራቷን መተው ጀመረች።

«ዛሬም ተነሳች?» እላታለሁ ስትመለስ።

«ተነሳች» ትለኛለች፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው። የሽቶው ጠርሙስ ላይ አቧራ ተኛበት።

በዚያ ከቀጠለ ይወጣላታል እያልኩ ስጠብቅ፣ አንድ ቀን ከሰዓት እያነከሰች ገባች። ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ የበረዶው ሣጥን ክዳን ተሰብሯል። መስቀለኛው መንገድ ላይ ለመታጠፍ እጀታውን ስትለቅ ሞተሯ ድንገት ጠፋች፤ ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ ተንሸራተተ፤ ልጄ ሞተሯን ጥላ ወደ ዳር ዘለለች። እሷ ይህን የነገረችኝ ውሃ እየጠጣች ነው። እኔ ግን እየሰማሁ ጃንጥላዬን እፈልግ ነበር።

ጎሚስታው ሞተሯን እየገፋ ወደ ጋራዡ ወስዷታል። ተከትዬ ወረድኩ።

«እንዳትመለስ አድርገህ ሥራት አላልኩህም?» ብዬ በሩ ላይ ጮህኩ። «ልጄን ልትገድልብኝ ነበር!»

ፊቱ አመድ መሰለ።

«ደህና ናት?»

«ጉልበቷ ተልጧል።»

«ደህና ናት ወይ፣ እማማ?»

ሞተሯ ከፊቱ ተጋድማለች፤ አላያትም። የትኛዋን ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።

ደህና መሆኗን ከሰማ በኋላ ነው ሞተሯ ላይ ያጎነበሰው። ካርቡራተሩን አየ። ወዲያው አውራ ጣቱን የሚኒሞው ብሎን ላይ ጫነ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ብሎኑን በደንብ አላጠበቅኩትም።»

ቶሎ አለው። በጣም ቶሎ። እኔ ደግሞ ቶሎ የሚናዘዝ ሰው አላምንም።

«ጣትህን አንሳ።»

«እማማ...»

«አንሳ አልኩህ!»

አነሳ። የነሐሱ ብሎን ራስ ተቧጭሯል፤ ጭረቱ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል።

«ካቻቢቴህን አምጣ።»

አመጣ። ጫፉ ሰፊና ደልዳላ ነው፤ የብሎኑ ስንጥቅ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። ጭረቱ ግን ቀጭን ነበር፣ ወደ ጎን የተንሻፈፈ። የተጣመመ ጫፍ የጫረው። በዚያ ጫፍ ስንት ሽንኩርት ከትፌበታለሁ፣ እንዴት አይጠፋኝ?

ግራሶ የነካው በርሜል ላይ ተቀመጥኩ። ቀሚሴም ትዝ አላለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ አየሁት።»

«ለምን አልነገርካትም?»

«ብነግራት ታፍራለች። ካፈረች አትመጣም።» ካቻቢቴውን መሬት አስቀመጠ። «እርስዎ እንዳትመለስ ሲሉኝ አጥብቄ አሰርኩት። በቢላ ይፈታል ብዬ አላሰብኩም። ያኔውኑ ብነግራት ይሻል ነበር።»

እንግዲህ ይኸው። ሌባ ፍለጋ ሰፈር ስዞር፣ ሌባዋ ከእኔው ማዕድ ትበላለች።

ቤት ገብቼ ቢላውን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቷ አስቀመጥኩት። አየችው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ።

«ተከራይዋን ስወነጅል ዝም አልሽ» አልኳት። «እሱን ስረግም ዝም አልሽ።»

«ጋራዡ በር ላይ እንድትጠፋ ነበር የፈለግኩት። መስቀለኛው ጋ ቀደመችኝ።»

«ለምን፣ ልጄ? ለምን?»

«ሳትበላሽ ምን ብዬ ልሂድ?» ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ልመታት እጄን አነሳሁ። እጄ ሄዶ ጸጉሯ ላይ አረፈ።

በማግስቱ እያነከሰች ቁልቁለቱን ወረደች፤ ቢላውን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ተከተልኳት። ልሸኛት ብዬ ነው እንጂ አልሰለልኩም፤ ቆርቆሮው ኋላ የቆምኩት ለጥላው ብዬ ነው።

ጨርቁን ፈትታ ቢላውን ሰጠችው። ቢላውን ብረት ላይ አጋድሞ ጫፉን በመዶሻ ቀስ ቀስ እያለ አቃናው፤ ሞርዶ፣ ጠርጎ መለሰላት።

«ይሄ ለሽንኩርት ነው» አላት።

«እሺ።»

«ብሎኑን ከእንግዲህ አትንኪው።»

«አልነካውም።»

«ሞተሯ ደህና ስትሆንም ነይ።»

«ምን ብዬ?»

«ምንም ሳትዪ። በበሩ ብታልፊም ይበቃኛል። ሚኒሞው ከሩቅ ሲረጋ ሰምቼ፣ ዛሬም በሰላም ነው የወጣችው እላለሁ።»

ልጄ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንደዚያ ቀን።

«በቃ?» አላት።

«በቃ አላልኩም» አለችው።

ከአጥሩ ኋላ ሆኜ መሳል አምሮኝ ነበር። ተውኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንግዲህ የእኔ ጉድ ነው። ሥራ በሌለበት አንድ ቀን አንሶላ አስጣለሁ፤ ልጄ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። ጆሮ ታጥቦ፣ ሸሚዝ ለብሶ፣ ግቢው ገባ። ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ ብቻ ነው አልለቅ ያለው። ሞተሯ አጠገብ ሄዶ እጁን መቀመጫዋ ላይ ጫነ፣ የሚደገፍበት እንዳጣ።

«እማማ፣ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምንዎ ነው።»

«በል፣ ልጄ።» የልብስ መቆንጠጫ በጥርሴ ይዣለሁ።

«እሷን... እሷን ይስጡኝ።»

እፎይ! ከዚያ ከመስቀለኛው መንገድ ወዲህ ይህችን ጭራቅ ማን ወስዶ ይገላግለኝ እያልኩ አልነበር?

«ውሰዳት!» አልኩት። «ዛሬውኑ ውሰዳት!»

የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። «ዛሬውኑ?»

«ምን ትጠብቃለህ? ጠዋት ስትነሳ ጩኸቷ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ደግሞ አርጅታለች፤ ማን ይወስዳታል ብዬ ስጨነቅ ነበር።»

«ኧረ እማማ፣ አላረጀችም...»

«አንተ ስለወደድካት ነው! ከአንተ በፊት ስንቱ ሞክሯት እጁን ሰጥቷል መሰለህ!»

ወጥ ቤት የሚከተፈው ሽንኩርት ጸጥ አለ።

«እንደ ዓይኔ ብሌን እይዛታለሁ» አለ ጆሮ፣ ግራ ተጋብቶ።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ። ብቻ ተመልሳ ግቢዬ እንዳትገባ!»

«እማዬ!»

ልጄ በሩ ላይ ቆማለች፤ ቢላው በእጇ፣ ዓይኗ ላይ የሽንኩርት እንባ፣ ከንፈሯ ላይ ሳቅ።

«ሞተሯ የጤና ጣቢያው ናት» አለችኝ። «አንቺ አሁን የሰጠሽው እኔን ነው።»

መቆንጠጫው ከአፌ ወደቀ።

«ለይተህ ጥራ ብዬህ አልነበረም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ልጠራት ነበር፣ እማማ። ስሟ ጋ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝ።»

ልጄ አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ቃሌን መልሼ ልውጠው እችል ነበር። አልሰማሁም፣ አርጅቻለሁ ማለት እችል ነበር። ያለችኝ አንድ ዓይን ናት። ግን ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ፣ ሞተሯ ከፊቱ ተጋድማ፣ «ደህና ናት ወይ?» ብሎ ደግሞ የጠየቀኝ ትዝ አለኝ።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ» አልኩ፣ አንሶላውን እያስተካከልኩ፣ ፊቴን እንዳያዩት። «እኔ አንዱም እንዲጠፋብኝ አልፈልግም። ግቢዬ እንዳትገባ ያልኩትን አንስቻለሁ። በየቀኑ ትግባ። ልጄም ሞተሯም ይግቡ።»

አሁን ልጄ ከእሱ ጋር ከታች፣ ከጋራዡ ጀርባ ትኖራለች። ጠዋት መስኮቴን ከፍቼ አዳምጣለሁ። አንድ እርግጫ፣ ከዚያ ትር ትር ትር። ድምፁ ከዘገየ ጃንጥላዬን አነሳለሁ፤ ሲረጋ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

አንድ ጥርጣሬ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ያን ቀን ይህን ሁሉ ግቢ ትቶ፣ እጁን ሞተሯ ላይ ጭኖ «እሷን» ያለኝ አውቆ ነው። ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስክጨርስ ያዳምጠኛል፤ መልስ ግን አይሰጠኝም።